የወንድም ጋሼ ትንሽ ሰማይ

መስከረም 20

ነገረኛዬ፣

ከጉልበቴ ጀምረሽ ስለጠየቅሽ እኔም ከእሱ ልጀምር። ጉልበቴ ቆሞ መዋል ይጠላል፣ እኔ ደግሞ ተቀምጬ ፀጉር መቁረጥ አላውቅበትም፤ ስለዚህ እየተነጫነጭን አብረን እንኖራለን። ሚስቴ ደህና ናት፣ እሷ ግን ስለ ጉልበቴ ሌላ ነገር ትጽፍልሽ ነበር። ማዶ የተከፈተው ባለቀለም መብራት ያለው ፀጉር ቤት ደንበኛ ወሰደብህ ወይ ላልሽው፣ ጎረምሶቹን ወስዷል። ጨዋታ የሚያውቁትን አልነካብኝም። እሱ ጋ ሙዚቃ አለ፣ እኔ ጋ ወሬ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። "የምርህን ነው ወይስ ልታስቀኝ ነው?" ብለሻል። የምሬን ነው! ባለፈው በደንብ ሳላስረዳሽ ቀርቼ ይሆናል፣ አሁን ረጋ ብለሽ ስሚኝ።

ቤቴን ታውቂዋለሽ። ፊት ለፊት ትልቅ መስታወት፣ ከኋላ ትልቅ መስታወት፣ መሀል ላይ ወንበሩ። የሚቀመጠው አንድ ሰው ነው፣ መስታወቱ ውስጥ ግን ሰልፍ ነው። ራስ ከራስ ኋላ፣ ማጅራት ከማጅራት ኋላ፣ እያነሰ እያነሰ ይሄዳል። ነገሩን የማያውቅ ሰው ገብቶ ቢያይ "ይህ ቤት ስንት መቶ ሰው ይይዛል!" ባለ ነበር። የሚይዘው አንድ ሰው ነው፣ እሱም ካልወፈረ። እናንተ ሰማይ መርማሪዎቹስ? ያን ሰማይ የሚያዳምጥ የብረት ሳህናችሁን ወደ ላይ ደቅናችሁ "ይህን ያህል ቢሊዮን ጋላክሲ አለ" ስትሉ፣ ሰልፉ እውነተኛ ነው ብሎ ማን ነገራችሁ? ሰማይ ትንሽ ቢሆንስ? ብርሃኑ ዞሮ ዞሮ እየተመለሰ ያንኑ አንዱን ሰፈር ደጋግሞ እያሳያችሁ ቢሆንስ? ዓለም ሰፊ የመሰለችን ሁለት መስታወት መሀል ስለተቀመጥን ነው እላለሁ። ብያለሁም።

ብያለሁ ስልሽ ለደንበኛ ብቻ አይደለም። የከተማው አዳራሽ ኃላፊ ፂሙን ሊስተካከል መጥቶ ይህን ሲሰማ፣ አረፋው ፊቱ ላይ እንዳለ "ይህንማ ሕዝብ መስማት አለበት" አለኝ። በኅዳር መጨረሻ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አዳራሹ ውስጥ ንግግር አደርጋለሁ። እኔ! ከሰባተኛ ክፍል የወጣሁት! ልቤ ቅቤ ጠጥቷል።

ካንቺ የምፈልገው ትንሽ ነገር ናት። ከሥራሽ ተነስተሽ ነይ አልልሽም። አንድ ገጽ ጻፊልኝ፤ "የወንድሜ ሐሳብ ትክክል ነው" የምትል፣ ከነማዕረግሽ። ሕዝቡ ፊት አነባታለሁ። ሰማይ የምትመረምር ዶክተር እህት ያለው ፀጉር አስተካካይ በዚህ ከተማ ስንት አለና?

የሰማይ ባለሙያው ወንድምሽ


ጥቅምት 8

ወንድም ጋሼ፣

በሞቴ ጉልበትህን ለሐኪም አሳይ። ሰማዩ የትም አይሄድም።

ሚስትህ "ይህች ልጅ በዚህ ዘመን እንዴት ስልክ አይኖራትም?" ማለቷን ቀደም ሲል ጽፈህልኝ ነበር። ንገርልኝ፦ የእኛ ቴሌስኮፕ አያይም፣ ይሰማል። የኳስ ሜዳ የሚያህል የብረት ሳህን ነው፤ ከሩቅ የሚመጣ በጣም ደካማ የሬዲዮ ድምፅ ያዳምጣል። የምንሠራበት ሸለቆ ውስጥ አንድ ስልክ ቢበራ ከከዋክብቱ ሁሉ በላይ ይጮህበታል። ስለዚህ ስልካችንን በር ላይ አስረክበን ነው የምንገባው። ደብዳቤ ብቻ አይጮህም።

መስታወትህን ሳነብ ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ቆመ፣ ምክንያቱም የሞኝ ሐሳብ አይደለም። ሰማይ ትንሽ ሆኖ ብርሃኑ እየዞረ ያንኑ ደጋግሞ እያሳየን ይሆን ብለው እንቅልፍ ያጡ ከእኔ የሚበልጡ ሰዎች አሉ። ጠረጠሩ፣ ፈለጉ፣ አጡት።

እንዴት ፈለጉ? አንተ በምታውቀው ልንገርህ። ወንበርህ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ከጆሮው ጀርባ ጠባሳ ካለው፣ መስታወቱ ውስጥ ባሉት ራሶች ሁሉ ላይ ያ ጠባሳ አለ። ሰልፉ ውሸት መሆኑን የሚነግርህ እሱ ነው። ጋላክሲዎችም የየራሳቸው ጠባሳ አላቸው፤ አንዱ የተጣመመ፣ አንዱ ጎኑ የጎደለ። በሰማዩ ሁሉ ያንኑ ጠባሳ ሁለት ቦታ ያገኘ ሰው የለም።

ስለዚህ "ትክክል ነው" ብዬ አልጽፍልህም። አትቀየመኝ። ብታይ እዚህ እንዲህ ያለ ደብዳቤ በየጊዜው ይመጣል። አንዱ ሰማይ እንቁላል ነው ይላል፣ አንዷ ከጨረቃ ጀርባ ግድግዳ አለ ትላለች። የምናስቀምጥበት ሳጥን አለ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች "የእብዶች ሳጥን" ይሉታል። መላሿ እኔ ነኝ፤ ለሁሉም በትሕትና እመልሳለሁ። ግን ለአንዱም "ትክክል ነው" ብዬ አላውቅም።

ንግግሩን የግድ ማድረግ አለብህ? ስለ ሌላ ነገር ብትናገርስ? ሰው እንዲስቅብህ አልፈልግም።

የምትወድህ እህትህ


ጥቅምት 21

ነገረኛዬ፣

ለሐኪም አሳይቻለሁ፣ "ቁጭ ብለህ ሥራ" አለኝ። እሱ ፀጉር መቁረጥ ጽሕፈት መስሎታል።

ስለ ሳጥኑ ለጠየቅሽው... አልጠየቅሽም ለካ። እኔ ልጠይቅሽ። እኔም ሳጥኑ ውስጥ ነኝ? ከእንቁላሉ ሰውዬ በላይ ነው ወይስ በታች ያስቀመጥሽኝ? ሚስቴ "ስለ አንተ አይደለም የጻፈችው" ትለኛለች። ድንቄም! "እንዲህ ያለ ደብዳቤ" ስትይ የማንን ደብዳቤ ይዘሽ ነው?

ይሁን። በሐሳብ የመጣ በሐሳብ ይመለሳል፣ ጠባሳሽን ልመልስልሽ። ብርሃን ይዘገያል ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ሩቅ ያለውን ስናይ የምናየው የድሮ መልኩን ነው ብለሽኛል። እሺ። እንግዲያው በሰማዩ መስታወት ውስጥ የቅርቡ ራስ የዛሬው ሽማግሌ ነው፣ ከኋላው ያለው ያው ሰውዬ ጎልማሳ ሳለ፣ ከዚያ ኋላ ያው ሰውዬ ሕፃን ሳለ። ጠባሳው የወጣው በጎልማሳነቱ ከሆነስ? ሕፃኑ ላይ ጠባሳ ፈልጋችሁ ስታጡ "ይህ ሌላ ሰው ነው" ብላችሁ ታልፉታላችሁ! ይህን ለደንበኞቼ ስነግራቸው አንዱ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ጆሮውን ሊያስቆርጠኝ ነበር።

እስቲ ይህን መልሺ፣ ዶክተር።

ንግግሩ አይቀርም። ማስታወቂያውም ወጥቷል፤ አዳራሹ በር ላይ፣ ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ማዶ ያለው ሰውዬ በር ላይ ሳይቀር። ያማረ ነው። ከላይ "ዓለም ትንሽ ናት"፣ ቀጥሎ የእኔ ስም፣ ከሥር ደግሞ በደማቁ "የከዋክብት ተመራማሪዋ እህቱም በደብዳቤ ትመሰክራለች" ይላል። ያንቺ ከእኔ ይልቅ ጎልቶ እንዲጻፍ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ሰው ቆሞ ሲያነብ በመስኮት አያለሁ፣ አንገቴ በራሱ ቀና ይላል።

ደብዳቤሽን በቶሎ ላኪ።

ወንድምሽ


ኅዳር 3

ወንድም ጋሼ፣

ማስታወቂያውን አስነሳው። ዛሬውኑ።

አልጽፍም ብዬህ ሳለ ትመሰክራለች ተብሎ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍብኝ ምን አድርጌ ነው? ተናድጃለሁ፣ ስለምወድህም ደግሞ ይበልጥ ተናድጃለሁ። የእኔ ሥራ ሌላ ምንም አይደለም። የሰማሁትን ሰማሁ፣ ያልሰማሁትን አልሰማሁም ማለት ነው። ላንተ ብዬ አንድ ቀን ብዋሽ፣ በማግስቱ "ሰማሁ" ስል ማን ያምነኛል? እኔስ ራሴን አምናለሁ?

አሁን ለጥያቄህ። ስለ ሽማግሌውና ስለ ሕፃኑ የጻፍከውን ለሥራ ባልደረቦቼ ምሳ ላይ አነበብኩላቸው። ማንም አልሳቀም። አለቃችን ማንኪያዋን አስቀምጣ "ይህን ማን ነው የጠየቀው?" አለች። "ወንድሜ ነው፣ ፀጉር አስተካካይ ነው" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩትን ያስቸገራቸውም እሱ ነው።

መልስ ግን አለው። ከሰማይ ከየአቅጣጫው የሚመጣ አንድ የጥንት ብርሃን አለ፤ ከብርሃን ሁሉ በፊት ተነስቶ ወደ እኛ የመጣ። በየትም በኩል ብታይ ዕድሜው አንድ ነው። ሁሉም ሰው ሕፃን የሆነበት አንድ ፎቶግራፍ በለው። እዚያ ላይ ሽማግሌና ሕፃን ማወዳደር ቀረ፣ ሕፃን ከሕፃን ጋር ነው። ሰማይ አንተ እንዳልከው ትንሽ ቢሆን ኖሮ፣ እዚያ ፎቶ ላይ አንዱ ሕፃን ሁለት ቦታ ይገኝ ነበር። ተፈለገ። እኔም ተማሪ ሳለሁ ዓይኔ እስኪጠፋ ፈልጌያለሁ። ባገኘው ኖሮ ዛሬ ስሜን ያላወቀ አይኖርም ነበር፣ ምን ያህል እንደተመኘሁት አትጠይቀኝ። የለም።

መስታወት ጨርሶ የለም አልልህም። ካለ ግን ማየት ከምንችለው በላይ ርቆ ነው። ያንተ ትንሽ ሰማይ የለችም፣ ወንድም ጋሼ። ተሳስተሃል።

ስለ ሳጥኑ ምን እንደምልህ አላወቅኩም፣ ሌላ ቀን እጽፍልሃለሁ።

እህትህ


ኅዳር 12

ለክብርት ዶክተር፣

የላኩልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። የተከበረ ጊዜዎን ለአንድ ፀጉር አስተካካይ ጥያቄ ስላዋሉ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። መልስዎንም አንብቤ በሚገባ ተረድቻለሁ።

ማስታወቂያው ይነሳ ላሉት አይነሳም። ሕዝብ ያነበበውን ወረቀት መገንጠል አላውቅበትም። ሆኖም አልመሰክርም ማለት መብትዎ ስለሆነ፣ እርስዎን የሚያስገድድ የለም።

ከእንግዲህ በደብዳቤ ሥራ እንዳላስፈታዎ ወስኛለሁ። ባለቤቴ "ልብስ ደርቢ በላት" ብላኛለች። ይደርቡ። ሸለቆው ይበርዳል ሲባል ሰምተናል።

አክባሪዎ፣
ከሳጥኑ ውስጥ


ኅዳር 18

ወንድም ጋሼ፣

ምነው በሰደብከኝ! "ይደርቡ" የምትለዋን ሳነብ ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ። ደርቤያለሁ። አንቱታውን ግን ተው፣ አንጀቴን በላኸው።

በሳጥኑ ነገር ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ያንተ ደብዳቤ እዚያ ገብቶ አያውቅም፣ አልጋዬ አጠገብ ነው ያለው። ግን ይህ ይቅርታ አይሆነኝም። ሌሎቹም የሆነ ሰው ወንድም ናቸው፣ የሆነ ሰው እናት ናቸው፣ እኔም ያንን ስም ከሌሎቹ ጋር እየሳቅኩ ስጠራው ነበር። ከእንግዲህ አልጠራውም፣ ሌላ ሰው ሲጠራውም ዝም አልልም። ይቅር በለኝ።

በሰማዩ ነገር ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ተሳስተሃል።

ለአዳራሹ የጠየቅከኝን ደብዳቤ ጽፌዋለሁ። የፈለግከው ደብዳቤ አይደለም። አንብበው ወይም እሳት ውስጥ ጨምረው፣ ፈቃዱ ያንተ ነው። ብትጨምረው አልቀየምም። ሕዝብ ፊት ስትዋረድ ከማይ እኔ ውሸታም ተብዬ ብጠራ ይሻለኝ ነበር ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ፣ ሲነጋ ግን ውሸቱን መጻፍ አቃተኝ። እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ይኸውልህ፦

"በአዳራሹ ለተሰበሰባችሁ ሁሉ፣

ወንድሜ ዓለም ትንሽ ናት ብሏችኋል። ወንድሜ ተሳስቷል። ትንሽ ብትሆን ኖሮ በጥንቱ ብርሃን ውስጥ አንዱን መልክ ሁለት ቦታ እናገኝ ነበር፤ ብዙ ሰው ፈልጎ አጥቶታል፣ እኔም ፈልጌ አጥቻለሁ። ታዲያ ምን ታክላለች ብትሉኝ አላውቅም። የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። አውቃለሁ የሚላችሁ ከመጣ እንዴት እንዳወቀ ጠይቁት።

አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ስለ ሰማይ የመጀመሪያ ጥያቄዬን የጠየቅኩት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይደለም። እዚያው እናንተ ከተማ፣ እሱ ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ የምውለው እዚያ ነበር። አንድ ቀን መስታወቱን እያየሁ 'የመጨረሻው ራስ የት ነው የሚሄደው?' አልኩት። ደንበኛ ተቀምጧል። ሌላ ሰው ቢሆን 'ሥራ ላይ ነኝ፣ ዝም በይ' ይለኝ ነበር። ወንድሜ ማሽኑን አጠፋ፤ ግማሽ ራሱ የተቆረጠውን ሰውዬ እዚያው ትቶ፣ ብድግ አድርጎ መስታወቱ ጋ አስጠጋኝና 'እስቲ አብረን እንየው' አለኝ። አላገኘነውም። ሰው የማያውቀውን ነገር አላውቅም ብሎ ቢፈልግ እንደማያፍር ያየሁት ያን ቀን ነው። የእሱ እህት በመሆኔ እኮራለሁ፣ ዛሬም፣ ተሳስቶም።"

ይኸው ነው። ምን እንዳደረግክበት ጻፍልኝ፣ አለዚያ እዚህ ሳህን ሥር ቁጭ ብዬ ሰማዩን ሳይሆን ፖስተኛውን ነው የማዳምጠው።

ያንተው ነገረኛ


ታኅሣሥ 2

ነገረኛዬ፣

"አነበብከው ወይስ አቃጠልከው?" ብለሽ በሌላ ወረቀት ደግመሽ ጠይቀሻል። ትንሽ ቆዪ፣ እኔንም ጠብቆ መጨነቅ ምን እንደሆነ ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ። መጀመሪያ የአዳራሹን ልንገርሽ።

ሞልቶ ነበር። ሞልቶ ስልሽ፣ የቆመው ሰው ከተቀመጠው ይበልጣል። ማዶ ያለው ባለ መብራቱም ሱቁን ዘግቶ መጥቷል፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ፣ እግሩን አጣምሮ። ሚስቴ ያን ጥቁር ኮቴን ተኩሳልኛለች። በቀኝ ኪሴ የራሴ ንግግር፣ በግራ ኪሴ ያንቺ ደብዳቤ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የግራውን ለማውጣት አልነበረም የያዝኩት። ቤት ትቼው ብሄድ ሚስቴ ትጠይቀኛለች ብዬ ነው።

ንግግሬን ተናገርኩ። ምን ብዬ ልንገርሽ! መስታወቱን አመጣሁ፣ ራሶቹን አሰለፍኩ፣ ሽማግሌውንና ሕፃኑን አመጣሁ። ሳቁ ባልኩበት ሳቁ፣ ዝም በሉ ባልኩበት ዝም አሉ። ስጨርስ ጣሪያው ሊነሳ ነው። የአዳራሹ ኃላፊ ተነስቶ "እንግዲህ ዓለም ትንሽ መሆኗን ሰማን" ብሎ ሊዘጋው ነው።

ያ ማዶ ያለው እጁን አነሳ። "የእህትህስ ምስክርነት? ማስታወቂያው ትመሰክራለች ይል የለም?" አለ።

"አልደረሰም" ልለው አፌ ላይ ነበር። ማን ያውቃል? ፖስታ ስንት ጊዜ ጠፍቶ ያውቃል? ግን ቃሉን አፌ ላይ ይዤ ሳለሁ አሰብኩት። ልጅቱ ለእኔ ብላ እንኳ አልዋሽም ያለችውን፣ እኔ ለራሴ ብዬ ልዋሽ ነው? ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት በእሷ የኮራሁት በምኗ ነው? በማዕረጓ? ማዕረግማ ስንቱ አለው።

አወጣሁት። አነበብኩት።

"ወንድሜ ተሳስቷል" ላይ ስደርስ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ማዶ ያለው እንባውን ይጠርጋል። ፊቴ እሳት ሆነ፣ ጠረጴዛውን ያዝኩ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅኩና፣ ከኋላ የቆሙት ሳይሰሙት እንዳይቀሩ ብዬ ያንኑ ደግሜ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት። "ወንድሜ ተሳስቷል።" ያኔ የሳቀ የለም። ምክንያቱን አነበብኩ። "አላውቅም" ያልሽውን አነበብኩ። ስለ እናታችን ያለውን ሳነብ ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ያንን ግን ብርዱ ነው በዪ።

ግማሽ ራሱ የተቆረጠው ሰውዬ ጋ ስደርስ ደግሞ ከመሀል አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ። ታውቂያቸዋለሽ፣ የድሮው ልብስ ሰፊ ናቸው። "ያ ሰውዬ እኔ ነኝ!" አሉ። "ግማሽ ራሴን ይዤ ስጠብቃቸው አመሸሁ! በኋላ ሲሰለቸኝ እኔም ተነስቼ አብሬያቸው ፈለግኩ!" ይህንን አንቺም አላስታወስሽውም፣ እኔም ረስቼው ነበር።

ኃላፊው ግራ ገብቶት "ታዲያ ምስክሯ ተቃወመችህ ማለት ነው?" አለኝ። "ትመሰክራለች ነው የተባለው፣ መሰከረች። ለእኔ ትመሰክራለች ያለ የለም" አልኩት። ከዚያማ ምኑን ልንገርሽ። ተነስተው ነው ያጨበጨቡት። የመጀመሪያው ጭብጨባ የእኔ ነበር፣ ጆሮዬ ያውቀዋል። ይሄኛው ያንቺ ነው። አንቺ ስለሌለሽ እኔ እጅ ነስቼ ተቀበልኩልሽ፣ እስኪያልቅም ከመድረኩ አልወረድኩም።

ማታ ቤት ስንገባ ሚስቴ "ደህና ነህ?" አለችኝ። የተዋረድኩ መስሏት ነው። እኔ እኮ ሕይወቴን ሙሉ የዚያን ቀን ያህል ኮርቼ አላውቅም። ሕዝብ ሞልቶ፣ ኃላፊ ተቀምጦ፣ የእኔን ስህተት የሚያርም ሰው ከራሴ ቤት ወጣ! ስንቱ ሰው ተሳስቶ ሳያውቀው ይሞታል? እኔን ግን ያሳደግኳት አረመችኝ።

አሁን ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ሁሉ፣ ጠየቀም አልጠየቀም፣ ታሪኩን ሳይሰማ ፀጉሩን አልጨርስለትም። ከሥር ያለውን ፊርማም ከእንግዲህ በዚሁ ልጽፈው ወስኛለሁ፣ ደስ ብሎኛል።

የተሳሳተው ወንድምሽ